ሁሉም ጆሮ አይለምድም

ግቢ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም አፍ የሚሰማት አንዲት ምክር አለች። “ትለምደዋለህ” ትላለች። የካፌው ሽሮ ቀጥኖ ውኃ ውኃ ሲለው ትለምደዋለህ፤ የባህር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ፍራሹ ላይ ሲያገላብጠው ትለምደዋለህ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ኮሪደሩን ስታዲየም ያደረገ ሲኒየር ሲያጋጥመው አሁንም ትለምደዋለህ። ምክሯ መጥፎ ናት አልልም፤ ለአብዛኞቻችን ትሠራለች። ከአጥሩ ማዶ የሚንጫጫው የባጃጅ ጥሩምባ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ይነሳል። ከወር በኋላ ግን ባጃጅ መኖሩ ትዝ የሚለን ክላስ ሲረፍድብን ብቻ ነው።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ይህች ምክር ስለማትሠራላቸው ልጆች ነው። በየዶርሙ አንድ አይጠፋም። መብራት ሲበራ ፊቱን የሚሸፍን፣ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ቦታ የሚቀይር፣ አዲስ ሸሚዝ ሲገዛ የአንገቱን ማርካ በምላጭ ቆርጦ የሚጥል፣ ካፌ ተሰልፎ ሳለ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ሳይበላ የሚመለስ። ስም አውጥተንላቸዋል፤ ሞልቃቃ፣ ነጭናጫ፣ አካባጅ። በኔ እምነት ስሞቹ ከመሠረታቸው የተሳሳቱ ናቸው። ስህተት ብቻ ሆነው ቢቀሩም ባልጻፍኩ፤ ሰው ያስከፍላሉ።

አብሮኝ የሚኖር ልጅ አለ። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም፣ ዲፓርትመንቱንም አልናገርም። ለስምንት በምንኖርባት ክፍል ውስጥ አንዱ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፣ ሁለተኛው ይዘምራል፣ ሦስተኛው ከቤተሰቡ ጋር ስልክ እየተጯጯኸ ያወራል። እሱ ደብተሩን ይዞ ጣና ዳር ይሄዳል። ሲመሽ ይመለሳል፣ ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሚድ ሲፈተን ከራሱ በላይ የነበረው ረጅም ነጭ አምፖል ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ሲርገበገብ ቆየ። እኛ ልብ እንኳ አላልነውም። እሱ ወረቀቱን ግማሽ ላይ አስረክቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የዊዝድሮዋል ቅጽ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ሁለት ሳምንት ዞሯል። አንድ ማታ “ሰነፍ ነኝ ወይስ እያበድኩ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለቱም አይደለህም ለማለት አንብቦ መገኘት ያስፈልጋል። እናም ወደ ንባቡ ልውሰዳችሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ አንጎል ምን አግብቶት ለምትሉ፣ ነገ ይህን ጉዳይ ለሕዝብ የምናስረዳው እኛው ስለሆንን ነው።

አንጎልን እንደ አንድ ትልቅ ግቢ አስቡት። ዓይን፣ ጆሮ፣ ቆዳና ምላስ የሚያመጡት መልእክት ሁሉ ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት መሐል ላይ በተቀመጠች ታላመስ በምትባል ጣቢያ ያልፋል። ታላመስን እንደ በር ጥበቃ ቁጠሯት። ማን ይግባ፣ ማን ውጭ ይቆይ፣ ማን ቀስ ብሎ ይግባ የሚለው ማጣራት የሚጀመረው እዚያ ነው። ልብሳችሁ ቆዳችሁን እየነካ መሆኑ ይህን እስካነሳሁት ድረስ አልተሰማችሁም አይደል? አንጎል አውቆ ወደ ጎን ትቶት ነበር። በዚህ በር የማያልፈው ሽታ ብቻ ነው። እሱ በጓሮ በኩል በቀጥታ ይገባል። ከሐይቁ ዳር የሚነሳው የዓሣ ጥብስ ሽታ ሳናስበው ሆዳችንን የሚያስጮኸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም (ይሄኛው የራሴ ግምት ነው፤ ሳይንስ ብላችሁ እንዳትጽፉት)።

ከበሩ አልፎ የገባውን ደግሞ አሚግዳላ የምትባል፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል ትቀበለዋለች። የአደጋ ደወሏ እሷ ናት። አዲስ ድምፅ ሲመጣ “ምንድን ነው?” ብላ ትነሳለች። ከዚያ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እንደ አለቃ ሆኖ “ባጃጅ ነው፣ ተረጋጊ” ይላታል። በአለቃውና በደወሏ መካከል መስመር ተዘርግቷል። ልክ እንደ ቴሌ ዝርጋታ፣ መስመሩ ጥሩ ከሆነ መልእክቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ደወሏም ዝም ትላለች። “መልመድ” የምንለው ነገር ይኸው ነው። በጎ ፈቃድ ወይም ጥሩ አስተዳደግ አይደለም፤ በአብዛኛው የመስመር ሥራ ነው።

ይህን ከራሴ አላመነጨሁትም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ኦቲዝም ያለባቸውንና የሌለባቸውን ታዳጊዎች ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የትራፊክ ጫጫታ አሰሟቸው፤ ቆዳቸውን ደግሞ በሚኮሰኩስ ሱፍ አሻሿቸው። ለድምፅና ለንክኪ ስስ ያልሆኑት ልጆች አሚግዳላ መጀመሪያ ተነስታ ቆይቶ በረደች። ስስ የሆኑት ላይ ግን ያው ድምፅ ሲደጋገም መብረድ አቃታት። እኔን የያዘኝ ሌላው ግኝት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል በድምፅ የማይረበሹ ልጆች ነበሩ፤ የነሱ የፊተኛው አንጎል አሚግዳላን ጸጥ ለማሰኘት ሲሠራ ታየ። ልዩነቱ ያለው ጆሮው ላይ ሳይሆን በሁለቱ ክፍሎች ግንኙነት ላይ ነው ማለት ነው። ጓደኛዬን ጆሮ ሐኪም ቢያየው ጆሮህ ደህና ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ እውነቱንም ነው።

ሌላም አለ። የሰው ማኘክ፣ የማፍንጫ ሲርሲርታ ወይም የእስክሪብቶ ጠቅ ጠቅታ ንዴት የሚለቅባቸው ሰዎች አሉ። ይህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሚሶፎኒያ የሚል ስም ወጣለት። በ2017 የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሲመረምሩ ኢንሱላ የሚባለው ክፍል ከልክ በላይ ሲነሳና ስሜትን ከሚመሩ ሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ትስስር ከሌላው ሰው የተለየ ሆኖ አገኙት። በ2021 ያሳተሙት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። የመስሚያው ክፍል አፍና ፊትን ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት እነዚህ ሰዎች ላይ ጠንከር ያለ ነው። እናንተ ስታኝኩ የሱ አንጎል የራሱን መንጋጋ ለማንቀሳቀስ እንደተገደደ ያህል ይነሳሳል። አሁን በዚህ ላይ “አታካብድ” ማለት ምን ይጠቅማል?

እርግጥ ነው፣ የማሽን ሥዕል ሁሉን አይናገርም። መስመሩ ከመጀመሪያው ተለይቶ ስለተዘረጋ ነው ሰውየው የሚረበሸው? ወይስ ለዓመታት ሲረበሽ ኖሮ መስመሩ እንዲያ ሆነ? አንድ ጊዜ የተነሳ ሥዕል ይህን አይመልስም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢሌን አሮን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከመቶ ሰው ከ15 እስከ 20 የሚሆነው ከተፈጥሮው ስሜቱ ስስ ነው ይላሉ። ይህ ግን ሰዎች ስለራሳቸው መጠይቅ ሞልተው የተገኘ ቁጥር ስለሆነ እንደ ሕዝብ ቆጠራ መታየት የለበትም። ዜና ስንሠራ “ሳይንስ አረጋገጠ” ከሚለው ሐረግ እንድንጠነቀቅ የተማርነው ለዚህ ነው።

እኛን በተለይ የሚመለከተው ዕድሜው ነው። አለቃ ያልኩት የፊተኛው የአንጎል ክፍል ተሠርቶ የሚያልቀው ከሁሉም ዘግይቶ ነው፤ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መስመሮቹ ገና እየተሸፈኑና እየተስተካከሉ ነው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላኝ እኔም ሆንኩ ያ የዶርሜ ልጅ ግንባታ ላይ ነን ማለት ነው። በዚህ ላይ የእንቅልፍ ማጣትን ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ወጣቶችን ለ35 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ከልክለው ደስ የማይሉ ሥዕሎች ሲያሳዩአቸው አሚግዳላቸው ከተኙት በ60 በመቶ ያህል በልጦ ተነሳ። ከፊተኛው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነትም ላላ። ፋይናል ሳምንት ላይ ግቢው ሁሉ ለምን እንደሚናከስ አሁን ገባኝ። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ ከመጀመሪያው ስስ የሆነው እንዴት ይሁን?

ወደ አገራችን ልምጣ። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ካነሱት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚማርበት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እኛ ገና አልተወለድንም ነበር ማለት ነው። በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ፣ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉትን የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና ምክንያት አረፉ። የሳቸው ትግል ከሁሉ በፊት የስም ትግል ነበር። እርግማን፣ ቡዳ፣ የእናት ኃጢአት ሲባል የኖረው ነገር የአንጎል ዕድገት ልዩነት እንደሆነ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በየስብሰባው ሳይታክቱ ተናገሩ። ሳይደብቁ የወለዱትን ልጅ ይዘው መውጣታቸው ስንት ቤት ተዘግቶበት የነበረን ልጅ በር እንዳስከፈተ እግዜር ይቁጠረው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ድምፅ የሚረብሸው ሁሉ ኦቲዝም አለበት አላልኩም፤ የዶርሜን ልጅ መርምሬ ስም ልሰጠው ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ኦቲዝም ላለባቸው ግን የስሜት ሕዋሳት ከልክ በላይ መነሳት ወይም መደንዘዝ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። እኔ የምለው ሌላ ነው። በአገራችን ስለ ጉዳዩ ሲወራ የሚታየን ሁልጊዜ ሕፃን ልጅ ነው። ሕፃኑ ያድጋል፤ ማትሪክ ይወስዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ ስምንት ሰው ያለበት ዶርም ውስጥ አልጋ ይደርሰዋል። እዚህ ሲደርስ ግን ማዕከልም የለው፣ ስምም የለው። ያለው “ሞልቃቃ” ብቻ ነው።

መስመር ደግሞ ከማሕፀን ብቻ አይመጣም፤ የደረሰብን ነገርም ይዘረጋዋል። ይህን ከተማ ለሚያውቅ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባህር ዳር ውስጥ ተኩስ ሲሰማ የነበሩ፣ ከዚያ በፊትም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎና በጎንደር በኩል ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩ ተማሪዎች አብረውን ይማራሉ። ለበዓል ርችት ሲተኮስ እኛ ወደ መስኮት ስንሮጥ ወደ አልጋ ሥር የሚያይ ልጅ አለ። በር በኃይል ሲዘጋ እስክሪብቶ ከእጇ የሚወድቅ አለች። የነሱ ደወል የተሠራችበትን ሥራ ነው የሠራችው፤ አንድ ጊዜ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ነቅታለች፣ ከዚያ ወዲህ መተኛት አቅቷታል። እነሱንም “ፈሪ” እንላለን።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚገርም ነው። በቀላሉ ለሚያዝን ሆደ ባሻ አለን፤ ለሚቆጣ ግልፍተኛ፣ ለሚነካካ ነገረኛ። ጆሮው ወይም ቆዳው ከሌላው በላይ ለሚሰማው ሰው ግን፣ ሳንሰድበው የምንጠራበት አንዲት ቃል ፈልጌ አጣሁ። “ጆሮው ስስ ነው” ብንል ይበቃ ነበር፤ ስስ ደካማ ማለት አይደለም። ለፕራክቲካል የሬዲዮ ዝግጅት ስንቀዳ ሁላችንም ጥሩ ነው ብለን ያለፍነውን ቅጂ አንዷ የክፍላችን ልጅ “ከኋላ የቬንትሌተር ጉምጉምታ አለው” ብላ አስቁማናለች። በጆሮ ማዳመጫ ደጋግመን ስንሰማው፣ አዎ፣ ነበረ። እሷም ካፌ ውስጥ ጆሮዋን ይዛ የምትበላ ናት።

“በዚህ አገር ስንት መከራ እያለ የአምፖልና የማስቲካ ነገር ታነሳለህ?” የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ሁለት ጓደኞቼ ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። ዳቦ ስለተወደደ ጫማ የሚነክሰውን ሰው ጫማህን አታውልቅ አንልም። ደግሞ እኔ የምጠይቀው አብዛኛው ብር አያስወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ የመማሪያ ክፍል የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል፣ የመኝታ ክፍል ደግሞ ከ30 እንዳይበልጥ መክሯል። እኛ እዚያ እንድረስ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ልክም ናችሁ። ነገር ግን የድምፅ ጉዳይ የፈረንጅ ቅንጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ራሱ እንደ አካባቢው አሰፋፈር የድምፅ ልክ እንዲወሰን ያዝዛል።

የባህር ዳር ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ጣና አለለት። ጠዋት በማለዳ ደንገሉ ዳር ቁጭ ብሎ ታንኳ ሲያልፍ ማየት ለተጨናነቀ አንጎል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ከሐይቁ ገዳማት አንዳንዶቹ የሚጠቀሙበት የድንጋይ ደወል አለ፤ ድምፁ ይጠራል እንጂ አያስደነግጥም። የቀደሙት አባቶች ሰው ለመጥራት መጮህ ግድ አለመሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። ታዲያ አሁን አሁን ሐይቁ ዳር ያሉ መዝናኛዎችም ድምፅ ማጉያቸውን ወደ ውኃው አዙረው በተለይ ቅዳሜና እሑድ መፎካከር ጀምረዋል። ጓደኛዬ መቀመጫውን በየሳምንቱ ወደ ዳር እየገፋ ነው። አንድ ቀን ዘጌ እንዳይደርስ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለተማሪዎች ተወካዮች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ፈተና ሲሰጥ መብራት ወይም ድምፅ የሚረብሸው ተማሪ ምክንያቱን በክፍሉ ፊት ሳይዘረዝር ወንበር የመቀየር መብት ይኑረው። ከላይብረሪው አንዲት ክፍል፣ ሹክሹክታም የማይፈቀድባት፣ ትለይ። በዶርም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስልክ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሁን፤ ይህንን የኛ ክፍል ከኅዳር ጀምሮ እየሞከረው ነው፤ ሁለቴ ተጣልተንበታል፣ ግን ይሠራል። የሚኒ ሚዲያ ጓዶቼ እንዳትቀየሙኝ፤ አብዛኞቻችሁ የኛው ዲፓርትመንት ልጆች ናችሁ፤ ነገር ግን ምሳ ሰዓት ላይ ያን ማጉያ በግማሽ ብትቀንሱት ዜናችሁ የተሻለ ይሰማል። አሁን የሚሰማው ጩኸቱ ነው፤ ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

የዶርሜ ልጅ ቅጹን እስካሁን አላስገባም። አልቀደደውምም። የዚህ ሴሚስተር ሚድ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ያን የፈተና ክፍል አልፌ አየሁት፤ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አምፖል ዛሬም ይርገበገባል።